በፕሪዝም ወይስ ያለ ፕሪዝም፦ በሮቦቲክ ቶታል ስቴሽን ርቀት መለካት

ሮቦቲክ ቶታል ስቴሽን (ርቀትንና አንግልን የሚለካ፣ በሞተር ራሱን የሚያዞር የቅየሳ መሣሪያ) ፕሪዝሙን፣ ማለትም የመሣሪያውን የብርሃን ጨረር መልሶ የሚልከውን የመስታወት ዒላማ፣ በራሱ እየተከተለ ስለሚያነጣጥር፣ አንድ ቀያሽ ፕሪዝሙ የተሰቀለበትን ዘንግ ይዞ ብቻውን ነጥቦችን መልቀም ይችላል፤ ያለ ፕሪዝም ሲለካ ግን የሚከተለው ዒላማ ስለሌለ፣ ባለሙያው ብዙውን ጊዜ ከመሣሪያው አጠገብ ቆሞ ራሱ ያነጣጥራል። ሌሎች ልኬቶች ለሚመሠረቱባቸው የመቆጣጠሪያ ነጥቦችና ለወሰን ድንጋዮች ፕሪዝሙን ያለማመንታት እመርጣለሁ።

ያለ ፕሪዝም መለካት የሚጠቅመው ሰው በማይደርስበት ቦታ፣ ለምሳሌ በገደል ፊት ወይም ተሽከርካሪ በሚበዛበት መንገድ ማዶ ነው። የሕንፃ ማዕዘን ግን ልዩ ጥንቃቄ ይሻል፦ ጨረሩ እየራቀ በሄደ መጠን ስለሚሰፋ፣ ከፊሉ ጠርዙን፣ ከፊሉ ከኋላ ያለውን ግድግዳ ሲመታ የተሳሳተ ርቀት ሊመዘገብ ይችላል። በመሆኑም ርቀቱን ከጠርዙ ጥቂት ገባ ብሎ በግድግዳው ላይ መለካት፣ የአቅጣጫውን አንግል ደግሞ በጠርዙ ላይ ማንበብ ይሻላል። እርጥብና ጥቁር ገጽታዎች የሚመለሰውን ብርሃን ያዳክማሉ።