ቪም ከመስከረም ወዲህ፦ የቆረጥኩትን የማይጥል ኤዲተር

ሥራዬ የዋጋ ዝርዝር መያዝ ነው። ቆርቆሮ፣ ፌሮ፣ ምስማር፣ ሲሚንቶ። ዕቃው ኮምቦልቻ መጋዘን ይገባል፣ ደሴ ፒያሳ ያለው ሱቅ ይሸጠዋል። አንድ ዕቃ በአንድ መስመር፣ ተራ የጽሑፍ ፋይል። ከመስከረም ጀምሮ ይህን የምሠራው ቪም በሚባል የኮምፒውተር ጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም ነው።

ሰው ቪምን የሚያደንቀው በፍጥነቱ ነው። እኔን የያዘኝ ግን የቆረጥኩትን መስመር አለመጣሉ ነው። ሬጅስተር የሚባሉ ማስቀመጫዎች አሉት። ዲን ሁለቴ ስትጫኑ መስመሩ ተቆርጦ ቁጥር አንድ ላይ ይቀመጣል። ሌላ ስትቆርጡ የፊተኛው ወደ ሁለት ይገፋል፤ እንዲህ እያለ እስከ ዘጠኝ። አሥረኛውን ስትቆርጡ ግን የመጀመሪያው ሄደ በሉት። ኮፒ ያደረጋችሁት ለብቻው ዜሮ ላይ ስለሚቀመጥ መቁረጥ አይነካውም።

በቅርቡ የሱቁ ባለቤት ደወሉ። «ባለ 32 ጌጁን ቆርቆሮ አውጣው፣ አልቋል።» አወጣሁት። ሌሎች ያለቁ ዕቃዎችንም ቆረጥኩ፣ የፌሮውን ዋጋ በሙሉ አስተካከልኩ። ከምሳ በኋላ እንደገና ደወሉ። «ያ ቆርቆሮ መጋዘን ተገኝቷል፣ መልሰው።»

«እሺ ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ።»

እርምጃ በእርምጃ ወደ ኋላ ልመለስ ብል የፌሮው ሥራ አብሮ ይፈርሳል። ስለዚህ የጥቅስ ምልክት፣ አንድ፣ ፒ፤ ቁጥር አንድ ላይ ያለውን መልስ ማለት ነው። ሌላ መስመር መጣ። በዩ አጠፋሁትና ነጥብ ተጫንኩ። ነጥቧ ቁጥሩን ራሷ ወደ ሁለት ታሳድጋለች። ዩ፣ ነጥብ፣ ዩ፣ ነጥብ ስል ቆርቆሮው ዱብ አለ። ጋሼ ስልኩን አልዘጉም ነበር። የፌሮው አሃዞች ወረፋውን ያልገፉት ደግሞ ከመስመር ያነሰ ቁራጭ የራሱ ቦታ ስላለው ነው። ቸኩሎ መፈለግ ለማይወድ ኮሎን ሬጅ ሁሉንም ዘርግቶ ያሳያል።

ሌላው የምወደው መልቀም ነው። ኮሎን፣ ጂ፣ እዝባር፣ ሲሚንቶ፣ እዝባር፣ ዋይ፣ ትልቁ ኤ። ሲሚንቶ የሚል መስመር ሁሉ ኤ ውስጥ ይሰበሰባል። ትንሹን ኤ ከተጠቀማችሁ የመጨረሻው ብቻ ይቀራል፤ ትልቁ ነው የሚደምረው።

መብራት ሲጠፋም አልጎዳኝም። በየ200 ፊደሉ፣ ወይም እጃችሁ ለ4 ሰከንድ ሲያርፍ፣ ስዋፕ በሚባል መጠባበቂያ ፋይል ላይ ይጽፋል። ፋይሉን ስትከፍቱ ያስጠነቅቃል፣ አርን ትጫናላችሁ፣ አለቀ። አሮጌውን ስዋፕ ማጥፋት ግን የእናንተ ሥራ ነው፤ አለዚያ በከፈታችሁ ቁጥር ይነዘንዛችኋል።

ዋጋው ነጻ ነው። ብራም ሞሌናር የተባለ ሆላንዳዊ በ1991 እ.ኤ.አ. አወጣው፣ በ2023 እስኪሞት ድረስም ሠራበት። ስትከፍቱት በኡጋንዳ ያሉ ድሃ ልጆችን እንድትረዱ ይጠይቃል፤ ክፍያው እሱ ነው።

ችግሩስ? አማርኛ ላይ ያናድዳል። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እያለ ፒ ስትጫኑ ፕ ነው የሚደርሰው፤ ቪም ደግሞ ፕን እንደ ትእዛዝ አያውቃትም። ጽፎ ወደ እንግሊዝኛ መመለስ፣ እንደገና መቀየር። እስካሁን አልተላመድነውም።

ደግሞ ዘግታችሁ ስትከፍቱ ከእያንዳንዱ ሬጅስተር የሚተርፈው 50 መስመር ብቻ ነው። ከ10 ኪሎባይት ያለፈውማ ጭራሽ አይቀመጥም። የእኛ ፊደል አንዱ 3 ባይት ስለሚይዝ ቶሎ ይሞላል። እኔ ቪምኢንፎ በሚባለው መቼት ሁለቱንም ቁጥር ከፍ አድርጌያለሁ፤ የአማርኛ ዝርዝር የምትይዙ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን አድርጉት።