የአማርኛ ፐዝል በነጻ ለመሥራት፦ የተዘጋጁ ድረ ገጾች ወይስ ጉግል ሺትስ?

«አንቺ፣ ይህን ፐዝል ከየት ነው የምታመጪው?» የሥራ ባልደረቦቼ ይህን ሳይጠይቁኝ ያለፈ ሳምንት የለም። ከየትም አላመጣውም፣ ራሴ ነኝ የምሠራው። 4ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ፤ 42 ልጆች አሉኝ። ለእያንዳንዱ ባልደረባ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

ፐዝሉ በአማርኛ ከሆነ ጉግል ሺትስ በሚባለው የጉግል ነጻ የሰንጠረዥ መሥሪያ ላይ ሥሩት። ቃላት ስትሰጡት ራሱ አሰናድቶ የሚያወጣው ድረ ገጽ ለእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ጥሩ ነው፣ ጊዜም ይቆጥባል። እኔ የሞከርኳቸው ግን ለፊደላችን አልተሠሩም።

ይህን ለማወቅ 220 ብር ከፍያለሁ። የእንስሳት ስም አስገብቼ የተደበቁ ቃላት ፍለጋ አሠራሁ። ስክሪኑ ላይ ቃላቱ በፊደላችን ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ፋይሉ ሲወርድ ግን ክፍት ሳጥኖቹን በእንግሊዝኛ ፊደል ሞልቷቸዋል። ቸኩዬ ስለነበር ሳልከፍተው ሰፈር ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ወሰድኩት። ፕሪንት 10 ብር፣ 42 ኮፒ በ5 ብር። ክፍል ውስጥ አድዬ ሳልጨርስ አንዱ ልጅ «ቲቸር ጨረስኩ» አለኝ። በእንግሊዝኛ ፊደላት መሀል «ጅብ» የት ይደበቃል?

ሌላ ድረ ገጽ ሞከርኩ። እሱ ደግሞ ፒዲኤፉ ውስጥ የአማርኛ ፎንት ስለሌለው ፊደሉን ሁሉ ባዶ ሳጥን አደረገው። የራሱን ማስታወቂያ ከወረቀቱ ላይ ለማንሳትም በወር 10 ዶላር ይጠይቃል። በዛሬው ምንዛሪ ከ1,000 ብር በላይ ነው፤ ያውም በዶላር የሚከፍል ካርድ ላለው። እንግዲህ ነጻ የተባለው ይህ ነው።

መስቀለኛ ቃላት ላይ ችግሩ ይብሳል። እንግሊዝኛ 26 ፊደል ነው ያለው፤ ሁለት ቃላት ብዙ ጊዜ የሚጋሩት ፊደል አያጡም። የእኛ 33 ሲባዛ በ7፣ 231 ነው፤ ዲቃላዎቹን ሳንቆጥር። ጎንደር፣ ሐረር፣ አክሱም፣ ላሊበላ፣ ጅማ፣ መቀሌ ብላችሁ ስጡት። የሚገናኙት ጎንደርና ሐረር ብቻ ናቸው፣ በ«ር»። ድረ ገጹ የቀሩትን አራቱን ምንም ሳይል ጣላቸው። በእጅ ስትሠሩት ግን ድልድይ የሚሆን ቃል ትፈልጋላችሁ። ደሴን ብትጨምሩ ጎንደርን በ«ደ» ታቋርጣለች። በሳድስ ፊደል የበዙ ቃላት ደግሞ ቶሎ ይገጥማሉ፤ «ትምህርት» ከ«ምድር»ም ከ«መስኮት»ም ጋር ይያያዛል። ሐረርን በሐመሩ «ሐ» ከጻፋችሁ እስከ መጨረሻው በእሱ ጽኑ፤ ልጁ በሃሌታው «ሀ» ቢጽፈው ግን እኔ ስህተት አልለውም።

አሁን ወደ ጉግል ሺትስ፤ የተደበቁ ቃላት ፍለጋ እንሥራበት። ሳጥኖቹን ወርዱንም ቁመቱንም 40 ፒክስል አድርጋችሁ እኩል አድርጉ። 10 በ10 ይበቃል፤ የአማርኛ ቃል አብዛኛው ከ3 እስከ 5 ፊደል ስለሆነ ከዚያ በላይ ሰፊ ሜዳ ነው የሚሆነው። አንዱ ገጽ ላይ ቃላቱን ብቻ ደርድሩ፤ መልሱ እሱ ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ «የመጀመሪያው ገጽ ሳጥን ባዶ ከሆነ ከዚህ ዝርዝር አንድ ፊደል ጣል፣ ካልሆነ ያለውን አምጣ» የሚል ቀመር ይገባል። ኢፍ (IF)፣ ሚድ (MID) እና ራንድቢትዊን (RANDBETWEEN) የሚባሉት ሦስቱ የሺትስ ትእዛዞች ይበቃሉ።

ዝርዝሩ ላይ ነው ሙያው። መጀመሪያ 231ዱንም ፊደል ሰጥቼው ነበር። ዤ፣ ጼ፣ ኼ፣ ፔ ወረቀቱን ሞሉት፤ የተደበቁት ቃላት ከሩቅ ይታወቃሉ። አሁን መሙያ የማደርገው ከተደበቁት ቃላት የተውጣጡትን ፊደላት ብቻ ነው። «ዝሆን» ካለ ዝ፣ ሆ እና ን ዝርዝሩ ውስጥ ይገባሉ። ያኔ ልጁ «ዝሆ» ድረስ ሄዶ ይመለሳል። ቀልጣፋ የምለው ተማሪ ሳይቀር 15 ደቂቃ ይፈጅበታል።

አንድ ነገር ግን ያበሳጫል። አንድ ሳጥን በነካችሁ ቁጥር መሙያ ፊደላቱ ይለዋወጣሉ። ስለዚህ ሲያልቅ ሙሉውን ኮፒ አድርጋችሁ ዋጋውን ብቻ መልሳችሁ ለጥፉት፣ ኮንትሮል ሺፍት ቪ። ይህን ሳላውቅ ለሁለት ክፍል ሁለት የተለያየ ወረቀት አትሜያለሁ።

ወጪው? የፕሪንቱ 10 ብርና የኮፒው 5 ብር ብቻ። ስልክ ላይም ይሠራል፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ ደግሞ ኦፍላይን ያደረጋችሁት ፋይል አይጠፋም። ኮምፒውተር ያላችሁ እንደ ሺትስ ያለውን ሊብሬኦፊስ ካልክን አውርዱ፤ እሱም ነጻ ነው።

ፎቶ ቆርጦ የሚያገጣጥም ፐዝል ለምትፈልጉ ግን ሺትስ አይሆናችሁም። ጂግሶ ፕላኔት የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ፎቷችሁን ጫኑ፤ ፊደል ስለሌለው ፊደል አያበላሽም።

ከማተማችሁ በፊት እያንዳንዱን መስመር ወደ ጎንም ወደ ታችም አንብቡ። አምና የተማሪዎቼን ስም ደብቄ የሠራሁት ላይ፣ ከአንዷ ልጅ ስም ሥር ቀመሩ «ሌ» እና «ባ»ን አከታትሎ ጥሎ «ሌባ» አስነብቦ ነበር። ማታ ቤቴ ሳነበው ደነገጥኩ። «ሌ»ን አጥፍቼ «ር» አስገባሁበት።