«ለታክስ ብቻ ነው» ብሎ ያስፈረመኝ ወረቀት

ታክስ ከምትሠራልን ልጅ ቢሮ አሁን መውጣቴ ነው። መኪና ውስጥ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል። ነገ ከበረደልኝ አፍሬ እተወዋለሁ፣ ስለዚህ ዛሬውኑ ይጻፍ። ቤት ያላችሁ ሁሉ አንብቡት።

ወረቀቱን ያስፈረመኝን ሰውዬ ታውቁታላችሁ። የእኔን ባታውቁት እንኳ እሱን የመሰለ ታውቃላችሁ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ግቢው በር ላይ ቆሞ ለሁሉም ሰላምታ የሚሰጠው ነው። አምና ሶላር ይሸጥ ነበር፣ ከዚያ በፊት ኢንሹራንስ። ታብሌቱን በብብቱ ይዞ ይመጣል፣ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፣ «ጋሼ» እያለ ቡናውን ይጠጣል፣ ልጆቻችሁ የት እንደሚማሩ ይጠይቃል። የእኔው ዘንድሮ ይዞ የመጣው ከነፋስ መብራት የሚያመነጭ ተርባይን ነበር። እኛ ከኦሮራ ከተማ ወደ ምሥራቅ ወጣ ያለ ሜዳ ላይ ነን፣ ነፋሱ አጥራችንን ሁለት ጊዜ ጥሎታል። ስለዚህ ነገሩ ልክ መሰለኝ።

ያናደደኝ ደግሞ ከተናገረው ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ቤቱ ላይ ሶላር ወይም ትንሽ የነፋስ ተርባይን ላስተከለ ሰው የወጪውን 30 በመቶ በታክስ ክሬዲት ይሰጥ ነበር። በ2022 በወጣው ሕግ መሠረት ይህ እስከ 2032 ሳይቀንስ እንዲቆይ ነበር የታሰበው። ከዚያ ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ በዲሴምበር 31፣ 2025 እንዲያበቃ አደረገው። ኖቬምበር ላይ መጥቶ «ጋሼ፣ ሁለት ወር እንኳ አልቀረም፣ ካለፈዎት አለፈዎት» ሲለኝ ውሸት አልነበረም። ኢንተርኔት ላይ አይቼ አረጋገጥኩ። እዚያ ላይ እውነቱን ስለተናገረ ሌላውንም አመንኩት።

ዋጋው 38,000 ዶላር። 5 ኪሎዋት ተርባይን፣ 60 ጫማ ምሰሶ፣ ተከላውም ፐርሚቱም (የግንባታ ፈቃዱም) በእነሱ። በ25 ዓመት ሎን (ብድር)። «ከዚህ ላይ 30 በመቶው፣ 11,400ው፣ በቼክ ይመጣልዎታል» አለኝ። በቼክ። ይህን ቃል አስታውሱልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ዕቃው ዲሴምበር አጋማሽ ላይ በሳጥን መጥቶ ጋራዥ ገባ። ከዚያ ዝም። መሬት የሚቆፍር ሰው አልመጣም። ስደውል «ፐርሚቱ ሊደርስ ነው» ይለኛል።

ማክሰኞ ዲሴምበር 30 ከሰዓት በኋላ መጣ። ሳይደውል። ጾም ስለነበር ባለቤቴ ቡናውን ከቆሎ ጋር አቀረበች፣ እሱም «እኔም እጾማለሁ እማማ» ብሎ ሁለቴ ዘገነ። ጋራዥ ወርዶ ሳጥኖቹን ፎቶ አነሳ። ተመልሶ ተቀመጠና ታብሌቱን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ ጣቱን መፈረሚያው ላይ አሳረፈ። ልጄ ከኮሌጅ ለእረፍት መጥታ አጠገቤ ነበረች። ጎንበስ ብላ አየችና «አባዬ፣ ይሄ ተከላው ተጠናቋል ነው የሚለው» አለችኝ።

እኔም ጠየቅሁት። «መሬቱ እንኳ አልተቆፈረም እኮ፣ እንዴት ነው አልቋል ብዬ የምፈርመው?»

ዓይኑን ሳይሰብር ነው የመለሰልኝ። «ጋሼ፣ እሱ ለታክስ ብቻ ነው። የቀረችን ነገ ብቻ ናት። ዕቃው ቤትዎ ከገባ እንዳለቀ ነው የሚቆጠረው። እኔ ለእርስዎ ብዬ ነው ከሰው ቤት ወደ ሰው ቤት የምሮጠው።»

ልጄ «ቆይ ሙሉውን ላንብበው» ብላ ታብሌቱን ልትወስድ እጇን ዘረጋች። እኔ ምን አልኳት መሰላችሁ? «ተይው፣ እንግዳ ፊት ነውር ነው።» ይኸው ነው ያልኳት። ያሳደግኳት፣ ያስተማርኳት ልጅ ልታድነኝ እጇን ስትዘረጋ እጇን መለስኩት። ፈረምኩ። እሱም ቀሪውን ቡና ጨልጦ ትከሻዬን ሳመኝና ሄደ።

ማታ ከአበዳሪው መልእክት ገባ። ሥራው ስለተጠናቀቀ ክፍያው ለድርጅቱ ተለቋል ይላል። ያኔም አልገባኝም። ያ ፊርማ ለታክስ አልነበረም። አበዳሪው ገንዘቡን የሚለቀው የቤቱ ባለቤት «ሥራው አልቋል» ብሎ ሲፈርም ነው። እጄ ላይ የነበረችኝ አንዲት መያዣ እሷ ነበረች፣ በቡናና ቆሎ ሰጠኋት።

ጃንዋሪ 7 «መልካም ገና ጋሼ» ብሎ ጻፈልኝ። ከእሱ የደረሰኝ የመጨረሻ ቃል ይህ ነው።

ዝምታው ሲበዛብኝ ራሴ ፐርሚት የሚሰጠው የካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) ቢሮ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረችልኝ። ፐርሚቱ ተከልክሏል። የእኛ ሰፈር ከ35 ጫማ በላይ አያስፈቅድም፣ የእነሱ ምሰሶ 60 ነው። ብዙ የመኖሪያ ሰፈሮች ይኸው 35 ጫማ ገደብ አላቸው፣ ይህን ዕቃ የሚሸጥ ሰው ሊያጣው የሚችል ነገር አይደለም። የክልከላው ደብዳቤ ለድርጅቱ የተላከው ዲሴምበር 18 ነበር። ቀኑን ደግማችሁ እዩት። ቤቴ መጥቶ ቆሎዬን ሲዘግን፣ «ለእርስዎ ብዬ» ሲለኝ፣ ተርባይኑ እንደማይተከል ካወቀ 12 ቀን አልፎታል።

ቢሮአቸው ደወልኩ። አንዲት ልጅ አነሳችና ስሜን ከሰማች በኋላ ድምፅዋ ተለወጠ። አማርኛ እንደምትችል አውቃለሁ፣ ኖቬምበር ላይ «እንኳን ደስ አለዎት» ያለችኝ እሷ ናት። አሁን በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው። «ሰር፣ ሥራው መጠናቀቁን ፈርመውልናል፣ ፋይልዎ ተዘግቷል።» ተዘግቷል። ስከራከራት ምሰሶውን ወደ 35 ጫማ ማሳጠር እንደሚቻል፣ ግን ተጨማሪ ክፍያ እንዳለው ነገረችኝ።

35 ጫማ ምን ይሠራል? የኃይል ሚኒስቴሩ ለቤት ባለቤቶች ያዘጋጀው መመሪያ የክንፎቹ የታችኛው ጫፍ በ300 ጫማ ዙሪያ ካለ ቤትና ዛፍ ሁሉ ቢያንስ 30 ጫማ ከፍ ይበል ይላል። የእኔ ጣሪያ ብቻ ከ20 ጫማ በላይ ነው። ከጣሪያ አጠገብ ያለ ነፋስ ይሽከረከራል፣ ይሰባበራል፣ ጉልበት የለውም። የነፋሱ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ደግሞ የሚገኘው ኃይል በግማሽ አይደለም የሚቀንሰው፣ ወደ ስምንተኛው ይወርዳል። አጥር የሚጥል ነፋስ አለኝ ብዬ ነበር የተማመንኩት። አጥር የሚጥለው በዓመት ሁለት ቀን ነው፣ መብራት የሚያበራው ግን የየቀኑ ነፋስ ነው።

ወደ ዛሬው ልመለስ። ታክስ የምትሠራልን ልጅ ክሬዲቱ የሚጠየቅበትን ፎርም 5695ን ከፈተችና አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፦ «ተተክሎ ያለቀው መቼ ነው?» አልተተከለም አልኳት። እጇን ከኪቦርዱ አነሳች። ክሬዲቱ የሚቆጠረው ገንዘብ በተከፈለበት ቀን ሳይሆን ተከላው ባለቀበት ቀን ነው። የታክስ መሥሪያ ቤቱ ይህን በኦገስት 2025 በግልጽ አውጥቶታል፦ ከዲሴምበር 31 በፊት ብትከፍልም ተከላው ከዚያ በኋላ ካለቀ አይገባህም። «የፈረምኩት ወረቀት አለ» አልኳት። ቀስ ብላ ነው ያስረዳችኝ፣ እግዚአብሔር ይስጣት። ያንን ወረቀት አያይዤ ብልክ ለመንግሥት የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ እሱ አይደለም።

ቼኩንም ነገረችኝ። ከመጀመሪያውም ቼክ የሚባል ነገር የለም። ክሬዲቱ ያለብህን ታክስ ይቀንሳል፣ የተረፈው ወደሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል እንጂ በእጅህ አይሰጥህም። የእኔ የዓመቱ ታክስ 2,100 ዶላር ገደማ ነው። ሁሉም ነገር በትክክል ቢሄድ እንኳ ያ 11,400 ዶላር በዓመታት ተንጠባጥቦ ነበር የሚመጣው። ሎኑ ግን ገንዘቡ በአንዴ እጄ እንደሚገባ ቆጥሮ ነው የተሠራው። በ18 ወር ውስጥ ያንን 30 በመቶ ካልከፈልኩ ወርሃዊ ክፍያው ከ140 ዶላር ተነስቶ ከ200 ዶላር በላይ ይወጣል። ኮንትራቱ ውስጥ ተጽፏል። እኔ ነኝ ያላነበብኩት። ሌላ ሻጭ ጋ ደውዬ ስጠይቅ ደግሞ ያው ሥራ በጥሬ ገንዘብ 29,000 ነው። በላዩ ያለው ሎኑ ውስጥ የተደበቀ ክፍያ ነው። የተጠቃሚዎች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ በኦገስት 2024 ስለ ሶላር ብድር ያወጣው ጽሑፍ ይህንኑ ይናገራል፦ ብዙ ጊዜ ከጥሬ ገንዘቡ ዋጋ ላይ 30 በመቶና ከዚያ በላይ ይጨመራል። ያን ቀን ባነበው ኖሮ።

ክሬዲቱ አልቋል፣ ሻጮቹ ግን አላለቁም። እስከ አሁን «30 በመቶ» የሚሉ አሉ፣ የድሮውን ወረቀት ይዘው። ስለዚህ ባጭሩ፦ ካውንቲው ጋ ራሳችሁ ሂዱና የምሰሶ ከፍታ ጠይቁ፣ ፐርሚቱን በዓይናችሁ ሳታዩ አትፈርሙ። ቤታችሁ መጥቶ ያስፈረማችሁን ኮንትራት እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት መሰረዝ ትችላላችሁ፣ እሁድ አይቆጠርም፣ የመሰረዣ ቅጽም ሊሰጣችሁ ይገባል። ያላለቀን ሥራ አልቋል ብላችሁ ፈጽሞ አትፈርሙ። ልጃችሁ ላንብበው ካለች ታንብበው።

እኔ ነገ ለአበዳሪው በጽሑፍ አቤቱታ አስገባለሁ፣ ከዚያ ለግዛቱ ዐቃቤ ሕግ። ዲሴምበር ላይ «ለታክስ ብቻ ነው» ተብላችሁ የፈረማችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ የፈረማችሁበትን ቀንና የፐርሚታችሁን ቀን አስቀምጡልኝ። አብረን እናስገባዋለን።