«ለጊዜው እኔ አላስፈልግዎትም» ያለችኝ ዌብሳይት ሠሪ

መጋረጃ እሰፋለሁ። ሥራው ትንሽ ነው፤ እኔና ሁለት ረዳቶች ብቻ ነን። ዌብሳይት ላሠራ ወይስ ይቅርብኝ እያላችሁ የምታመነቱ ካላችሁ፣ ይህ ምስጋና ለእናንተም ይሆናል።

መጀመሪያ ያሠራሁት ሌላ ሰው ጋ ነበር። ከፈልኩ፣ ደስ አለኝ፣ ረሳሁት። በዓመቱ ብከፍተው የለም። ለካ ዶሜኑን፣ ማለትም የዌብሳይቱን አድራሻ፣ ያስመዘገበው በራሱ ስምና በራሱ ኢሜይል ኖሯል፤ የእድሳት ማስታወሻው ሁሉ ለእሱ ነው ሲሄድ የከረመው። በዶትኮም (.com) የሚያልቅ ዶሜን ከተሰረዘ በኋላም ማስመለሻ 30 ቀን አለው፤ ግን የሚያስመልሰው ያስመዘገበው ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ ስልክ አያነሳም። ግማሹ ጥፋት የእኔ ነው፤ በማን ስም ነው ብዬ አንድም ቀን አልጠየቅኩም።

እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከዚያ በኋላ ዌብሳይት ሲባል እሸሽ ነበር። ጓደኛዬ ገፋፍቶኝ ነው ይህችን የማመሰግናትን ዌብሳይት ሠሪ ያገኘኋት።

«ደንበኞችዎ በምን ነው የሚያገኙዎት?» አለችኝ።

«ሰው ለሰው እየተነጋገረ።»

«እንግዲያው ለጊዜው እኔ አላስፈልግዎትም ጋሼ።»

ሥራ ፈላጊ እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ቁጭ ብላ በራሴ ኢሜይል የጉግል የቢዝነስ ፕሮፋይል ከፈተችልኝ፤ ሰው ሱቄን ጉግል ላይ ሲፈልግ የሚያየው ገጽ ነው። አድራሻ፣ የሥራ ሰዓት፣ ስልክ፣ ጥቂት ፎቶ፤ በቃ። ጉግልም አያስከፍልም፣ እሷም አላስከፈለችኝም። «አንድ ጥያቄ ደጋግሞ መመለስ ሲሰለችዎት ይደውሉልኝ» ብላኝ ሄደች።

ስድስት ወር ሳይሞላ ሰለቸኝ። የመስኮት ልክ እንዴት ይወሰዳል? ገበር አለው ወይ? ዘንጉን እናንተ ትሰቅላላችሁ? ደወልኩላት፤ ዌብሳይቱን መሥራት ጀመረች።

እኔ ስልክ ቁጥሬ እንደ ታፔላዬ ባማረ ፊደል፣ በሥዕል እንዲሆን ፈልጌ ነበር። አልተከራከረችኝም። እንዳልኳት ሠርታ ስልኳን እጄ ላይ አስቀመጠችና «ይንኩት» አለችኝ። ነካሁት። ምንም የለም። ደግሜ ነካሁት። ከዚያ ቁጥሩን ሲነኩት ወደ መደወያ በሚወስድ የጽሑፍ ሊንክ ቀይራ ሰጠችኝ፤ ነክቼ ደውል ስለው ኪሴ ውስጥ ያለው ስልኬ ጮኸ።

ፎቶዎቼም በስልክ የተነሱ፣ እያንዳንዳቸው አምስት ሜጋባይት ገደማ ነበሩ። መጠናቸውን ከ200 ኪሎባይት በታች አደረገችው። ልዩነቱን በመነጽር ፈልጌ አጣሁት፤ ገጹ ግን ቶሎ ይከፈታል።

ዶሜኑ በእኔ ስም ነው፤ የሆስቲንጉም፣ ዌብሳይቱ የተቀመጠበት የኪራይ ቦታ፣ ፓስወርድ እኔ ጋ ነው። የሠራችው ብዙ ባለሙያ በሚያውቀው የዌብሳይት መሥሪያ፣ በዎርድፕሬስ፣ ስለሆነ ነገ እሷ ባትኖር ሌላ ባለሙያ ሊቀጥለው ይችላል። ፎቶ መቀየሩን ለረዳቴ አስተምራታለች። ይኸው ነው የማረከኝ፤ እሷን ደጅ የምጠናበት ነገር አልተወችም።

እርግጥ ትዘገያለች። ሁለት ሳምንት ያህል አሳልፋለች፤ አንዱ ሳምንት እኔ ጽሑፉን ሳልልክ የቆየሁበት ነው ብትል አልክድም። ጽሑፉን አዘጋጅታ ትሰጠኛለች ብላችሁም አትጠብቁ፤ ስለ ሥራችሁ ራሳችሁ ናችሁ የምትጽፉት።

ስሟን እዚህ ያላወጣሁት ሳላስፈቅዳት ነውር ስለሚሆንብኝ ነው። የምትፈልጓት በውስጥ ጻፉልኝ፣ ጠይቄ ቁጥሯን እልካለሁ።

አንቺ ደግሞ ይህን ካየሽ፣ ቃል የገባሁልሽ የሳሎን መጋረጃ እስካሁን አልተቆረጠም። የመስኮትሽን ልክ ላኪልኝ። አወሳሰዱ ዌብሳይቴ ላይ አለ።