ለ700አር4 እድሳት የየትኛውን ዓመት ካምቢዮ መግዛት ይሻላል? ንጽጽር

ባለ 3 ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ ቲኤች350 የተገጠመለትን አሮጌ የጄነራል ሞተርስ መኪና ወደ ባለ 4 ማርሽ ለማሳደግ የሚፈልግ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው 700አር4 ላይ ነው። ምክንያቱ የማርሾቹ ስሌት ነው። የቲኤች350 1ኛ ማርሽ 2.52 ሲሆን የ700አር4 ደግሞ 3.06 ነው፤ መኪናው ከቆመበት ሲነሳ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። 4ኛው ማርሽ 0.70 ስለሆነ በረጅም መንገድ ላይ በዚያው ፍጥነት የሞተሩ ዙር በ30 በመቶ ግድም ይወርዳል።

ካምቢዮው ከ1982 እስከ 1993 ተመርቷል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከ1990 ወዲህ 4ኤል60 ተብሎ ቢጠራም ያው ራሱ ነው። ገዢን የሚያስቸግረው ፋብሪካው በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ውስጡን ሲለዋውጥ መቆየቱ ነው። ሁለት ያረጁ ካምቢዮዎችን ፈትቶ ደህና ደህናውን እየመረጡ አንድ ጤነኛ መገጣጠም የተለመደ ሥራ ነው፤ ሆኖም ጠረጴዛ ላይ ልክክ ብሎ የገባ ዕቃ ሁሉ መንገድ ላይ ይሠራል ማለት አይደለም። ጉልበት የሚሸከሙት ክፍሎች፣ ማለትም የተርባይን ዘንጉ (ጉልበቱን ከሞተሩ በኩል የሚያስገባው) ከነከበሮው፣ የፕላኔተሪ ማርሾቹ፣ ሰን ሼሉ (የፕላኔተሪውን መካከለኛ ማርሽ የሚያዞረው ከበሮ መሰል ብረት) እና ስፕራጉ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዘው)፣ ከኋለኞቹ ዓመታት ቢመጡ ይጠቅማሉ። ዘይቱንና ግፊቱን የሚመሩት ግን፣ ማለትም ቀፎው፣ ቫልቭ ቦዲው (ዘይቱን ወደየማርሹ የሚያከፋፍሉት ቫልቮች ቤት) እና በሁለቱ መካከል ያለው ቀዳዳማ ሰሌዳ፣ ከአንድ ካምቢዮ ሳይነጣጠሉ መምጣት አለባቸው።

| ዓመት | የተርባይን ዘንግ | የፓምፕ ምላጭ | ረዳት ቫልቭ ቦዲ | ፍርዳችን |
|---|---|---|---|---|
| 1982–84 | 27 ጥርስ | 7 | የለም | ለቀላል ሞተር ወይም ለዋናው መኪና ብቻ |
| 1985–86 | 30 ጥርስ | 7፣ ከ1986 ግድም 10 | የለም | ደህና መነሻ |
| 1987–93 | 30 ጥርስ | 10 | አለው | ተመራጭ |
| 4ኤል60ኢ፣ ከ1993 ጀምሮ | 30 ጥርስ | 10 | ቁጥጥሩ ኤሌክትሮኒክ | ለመለዋወጫ |

በሠንጠረዡ ያሉት የዓመት ድንበሮች የተሰመሩ መስመሮች አይደሉም። የዘንጉ ለውጥ በ1984 መጨረሻ ጀምሯል፤ በ1987 ከተሠሩትም ረዳት ቫልቭ ቦዲ የሌላቸው ይገኛሉ። ከዚህም በላይ እነዚህ ካምቢዮዎች አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ጊዜ ተፈትተዋል፤ ስለዚህ ሻጩ የሚነግርዎት የቀፎውን ዓመት እንጂ የውስጡን አይደለም።

ከ1982 እስከ 1984፦ ዘንጉን ሳይቆጥሩ አይክፈሉ

ኮንቨርተሩን (ሞተሩንና ካምቢዮውን በዘይት የሚያገናኘውን) ስበው ያውጡና በተርባይን ዘንጉ ጫፍ ላይ ያሉትን ጥርሶች ይቁጠሩ። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ 27 ከሆኑ ግን ግዢው መልኩን ይቀይራል። ቀጭኑ ዘንግ ለቪ6 ሞተር ይበቃል። ጉልበት ያለው ቪ8 ሲጫንበት ግን ጥርሱ ይበላል ወይም ዘንጉ ይጠማዘዛል።

ወደ 30 ጥርስ መለወጥ ይቻላል። ከበሮውን ብቻ መለወጥ ግን አይበቃም፤ በፓምፑ ውስጥ የሚያልፈው የስታተር ቱቦ ለቀጭኑ ዘንግ የተሠራ ስለሆነ እሱም ከነፓምፑ መለወጥ አለበት፣ ኮንቨርተሩም እንደዚሁ። ከበሮ፣ ፓምፕና ኮንቨርተር ለየብቻ ሲገዙ የሚወጣው ገንዘብ አንድ ሙሉ የኋለኛ ዓመት ካምቢዮ ለመግዛት ይቀርባል። የመኪናዎ ዋናው ካምቢዮ ሆኖ ታሪኩን ለመጠበቅ ካልፈለጉ በቀር ይህን አይግዙ።

1985 እና 1986፦ ፓምፑ ከታደሰ ይሠራል

ዘንጉ ወፍራም ነው፤ ያ ትልቁ ጥያቄ ተመልሷል። ደካማው ጎን ባለ 7 ምላጩ ፓምፕ ነው። ምላጮቹን ከውስጥ የሚደግፉት ቀጫጭን ቀለበቶች በከፍተኛ ዙር ይሰበራሉ፤ ስብርባሪው ፓምፑን አበላሽቶ ቀሪው ከዘይቱ ጋር ወደ ቫልቮቹ ይሄዳል። መፍትሔው ባለ 10 ምላጭ ሮተር ከጠንካራ ቀለበቶች ጋር መግጠም ነው።

ብዙ ሰው የሚዘለው እዚህ ጋ ነው፦ ሮተሩና ዙሪያውን የያዘው ስላይድ በተለያየ ውፍረት ስለተሠሩ ተመጣጣኝ መሆን አለባቸው። የወጣውንም የሚገባውንም በማይክሮሜትር ይለኩ። አዲሱ ወፍሮ ከተገኘ ፓምፑ ይነክሳል፣ ከሳሳ ደግሞ ግፊቱ ይሸሻል፤ ሞተሩ ሲሞቅና ዘይቱ ሲቀጥን ማርሹ መንሸራተት ይጀምራል።

ለዚህ ቀፎ የራሱን ቫልቭ ቦዲና ሰሌዳ ይተዉለት። የ1987ቱ «የተሻለ ነው» ተብሎ ሲገጠምበት የሰሌዳው ቀዳዳዎችና የቀፎው የዘይት መስመሮች አይገናኙም፤ የብረት ኳሶቹም ብዛትና ቦታ ይለያያል። ሲፈቱ ኳሶቹ የነበሩበትን ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ።

ከ1987 እስከ 1993፦ ምርጫችን

ኮፓው (የታችኛው የዘይት መያዣ) ሲወርድ ከዋናው ቫልቭ ቦዲ አጠገብ አንድ ትንሽ ረዳት ቫልቭ ቦዲ ከነቱቦው ይታያል። ሥራው ከኒውትራል ወደ ድራይቭ ሲገባ የሚሰማውን ምት ማለስለስ ነው። በዚህ ዘመን በ3-4 ፍሪሲዮን (3ኛና 4ኛ ማርሽን በሚይዙት ሸራዎች ስብስብ) ውስጥ ሸራዎቹን እያላቀቁ የሚይዙ ትንንሽ ሞላዎችም ተጨምረዋል፤ ሥራ ላይ ያልሆነ ሸራ በከንቱ እየተፋተገ እንዳይቃጠል ያደርጋሉ።

የተፈታ ካምቢዮ በሣጥን ሲሸጥልዎት ረዳቱን ቫልቭ ቦዲ፣ ቱቦውን፣ ሰሌዳውንና ዋናውን ቫልቭ ቦዲ አንድ በአንድ ይዩ። ከአራቱ አንዱ ጎድሎ ከሌላ ዓመት የሚሟላ ከሆነ የዚህ ካምቢዮ ብልጫ አብሮ ይጠፋል።

ከ4ኤል60ኢ ምን ይወሰዳል?

4ኤል60ኢ፣ በኮምፒውተር የሚታዘዘው የ700አር4 ተከታይ፣ በብዛት ስለሚገኝ ጥሩ የመለዋወጫ ምንጭ ነው። ፕላኔተሪዎቹ፣ ሰን ሼሉ፣ ስፕራጉ እና ሸራዎቹ ይጠቅማሉ። ለከባድ ሞተር የ4ኤል65ኢ ባለ 5 ፒኒየን ፕላኔተሪዎች ትልቅ እድገት ናቸው፤ ሲወስዱ ግን አብረዋቸው የሠሩትን ማርሾች ጭምር እንደ አንድ ስብስብ ይውሰዱ፣ በተለያየ መልክ ያለቁ ጥርሶች አይስማሙምና።

ቀፎው አይሆንም፤ የጋቨርነር (በመኪናው ፍጥነት ልክ የዘይት ግፊት የሚሰጠው) ቦታ የለውም። ቫልቭ ቦዲውና ፓምፑ ግፊቱን ከኮምፒውተር ትእዛዝ ስለሚቀበሉ የ700አር4ን የነዳጅ ኬብል (ቲቪ ኬብል) አያውቁም። የመውጫ ዘንጉም ለኤሌክትሮኒክ ፍጥነት ሴንሰር የተሰናዳ ስለሆነ የራስዎን ያቆዩ። ከበሮ ሲገዙ ደግሞ ይጠንቀቁ፦ ከ1998 ወዲህ በኤልኤስ ሞተሮች ላይ የመጣው ለ300 ሚሊሜትር ኮንቨርተር የተሠራ ዘንግ ከ700አር4 ፓምፕ ጋር አይሄድም።

ከአሮጌው ካምቢዮ ጠባይ ውስጡን ማወቅ

ሻጩ ገና መኪናው ላይ እያለ ቢያስሞክርዎት ብዙ ይማራሉ። 1ኛና 3ኛ እያሉ 2ኛ፣ 4ኛና ኋላ ማርሽ አብረው ከጠፉ ሰን ሼሉ ተሰብሯል፤ ይህ ቀላል ጥገና ስለሆነ ዋጋ ለመከራከር ይረዳል። በየትኛውም ዓመት ካምቢዮ ቢሆን የተጠናከረ ሰን ሼል ሳይገጥሙ አይዝጉ። ወደ 3ኛ ሲቀይር ሞተሩ ብቻውን ከጮኸ 3-4 ፍሪሲዮኑ ተቃጥሏል። በኦቨርድራይቭ ቦታ አልነሳ ብሎ በእጅ 1 ላይ ሲደረግ ከተነሳ ደግሞ የፊቱ ስፕራግ ሄዷል።

3-4 ፍሪሲዮኑ ተቃጥሎ ከተገኘ ሸራ ለውጦ መዝጋት ገንዘብ ማባከን ነው። ከሰርቮው (ባንድ የሚባለውን ማጥበቂያ ቀበቶ በዘይት ግፊት ከሚገፋው ፒስተን) ቀዳዳ አጠገብ በቀፎው ውስጥ የተቀበረች ባለ ኳስ ካፕሱል አለች፤ እሷ ስታሳልፍ ፍሪሲዮኑ ሙሉ ግፊት ሳያገኝ ይይዛል፣ አዲሱም ሸራ በዚያው መንገድ ይሄዳል። ማጽጃ ፈሳሽ አፍስሰው ማንጠባጠቧን ይዩ፤ ካንጠባጠበች ይለውጧት።

ከተለያየ ዓመት ሲገጣጠም የሚለኩት

የአንድ ዓመት ከበሮ ከሌላ ዓመት ሸራና ብረት ጋር ሲቀላቀል ክፍተቱ ይለወጣል፣ ስለዚህ በድሮው ልክ ብሎ መገጣጠም አይቻልም። የ3-4 ፍሪሲዮን ክፍተት ከ0.8 እስከ 1.1 ሚሊሜትር ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከጠበበ ሸራው እየተጎተተ ይቃጠላል፣ ከሰፋ ለውጡ ይዘገያል። የጠቅላላው ካምቢዮ የፊትና የኋላ ጨዋታ ከ0.13 እስከ 0.92 ሚሊሜትር፣ የባንዱ ሰርቮ ፒን ጉዞ ደግሞ ከ1.9 እስከ 3.2 ሚሊሜትር ይሁን። የኮርቬት ሰርቮ ለ2ኛ ማርሽ ጠንካራ አያያዝ ስለሚሰጥ ብዙዎች ይገጥሙታል፤ የፒኑን ጉዞ ዳግም ሳይለኩ ግን ትርፉ ባንዱን መቅደድ ነው።

የፓምፑን ሁለት ግማሾች ሲያጋጥሙ ዙሪያቸውን በማሰሪያ ቀለበት አጥብቀው ካስተካከሉ በኋላ ብሎኖቹን በ24 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ። ሳይስተካከል የታሰረ ፓምፕ ወይ ቀፎው ውስጥ አልገባም ይላል፣ ወይ ገብቶ የፊት ቡሹንና ፓራኦሊዮውን (የዘይት ማገጃውን) ይበላል።

ከመኪናው ጋር ይገጥማል?

ከቪ6 ባለ 60 ዲግሪ ሞተር የወጣ ቀፎ የብሎን ቀዳዳዎቹ ከሼቭሮሌት ቪ8 ጋር አይገጥሙም፤ ርካሽ ሆኖ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። የባለ 4 ጎማ መንጃ ካምቢዮ የመውጫ ዘንግና የኋላ ሽፋን የተለየ ነው፣ የኮርቬቱም የኋላ ሽፋን እንዲሁ። ከቲኤች350 ወደዚህ ለሚመጣ ሰው የምሥራቹ የመውጫው ባለ 27 ጥርስ ዮክ (ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ ማያያዣ) አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ተራው የ700አር4 ጠቅላላ ርዝመት 78 ሴንቲሜትር ነው፤ አጭር ጅራት ካለው ቲኤች350 በ8 ሴንቲሜትር ግድም ስለሚበልጥ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ ይቆረጣል፣ የካምቢዮ መቀመጫውም ወደ ኋላ ይሄዳል።

ለማንኛውም ዓመት ኬብሉን ከካርቡራተሩ ጋር አብረው ያስቡ። ቲቪ ኬብሉ በነዳጅ መርገጫው ልክ ግፊት የሚጨምር ነው፤ መርገጫው እስከ መጨረሻ ሲረገጥ ኬብሉም እስከ መጨረሻ መሳብ አለበት። ለዚህ ካምቢዮ ያልተሠራ ካርቡራተር ከሆነ የኬብሉን አንግል የሚያስተካክል ቁራጭ ያስፈልጋል። ኬብሉ ላልቶ ወይም ሳይገናኝ መንዳት አዲሶቹን ሸራዎች በአጭር ጉዞ ያቃጥላል። የኮንቨርተሩ ሎክአፕም (መቆለፊያው) በፍሬን መብራት ማብሪያ በኩል የሚያልፍ 12 ቮልት ይፈልጋል፤ ያለ እሱ በ4ኛ ማርሽ ዘይቱ ይግላል። አሮጌው ካምቢዮ ስብርባሪ ከነበረበት የራዲያተሩን የዘይት ማቀዝቀዣ መስመር አጥበው፣ ባዶ ኮንቨርተር ሲሞላ የሚወስደውን ጨምሮ 11 ሊትር ግድም ዘይት ያዘጋጁ።