የሚመዘዝ ዘንግ ወይስ ባለሁለት ቁራጭ? ከደብረ ብርሃን ወደ ሐይቅ ለሚወርድ ሰው

የእህቴ ልጅ ሰሞኑን ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። አንድ ሱቅ ውስጥ ቆሟል። «ጋሼ፣ ሁለት የዓሣ ዘንግ አቅርበውልኛል። አንዱ እንደ ራዲዮ አንቴና ይመዘዛል። ሌላው ለሁለት ተከፍሎ ይገጣጠማል። የትኛውን ልግዛ?» አለኝ።

«የት ልታጠምድበት ነው? ደግሞስ በየትኛው ወር?» አልኩት።

ዝም አለ። ይህን አላሰበበትም። ብዙዎቻችን ዘንግ ስንገዛ የምናስበው ስለ ዓሣው ትልቅነት ብቻ ነው። የእኔ ልምድ ግን ሌላ ነው። ትክክለኛውን ዘንግ የሚነግራችሁ የምትወርዱበት ውሃና የምትወርዱበት ወር ነው። ለእኛ ለሰሜን ሸዋ ሰዎች ደግሞ ሦስተኛ ነገር አለ፤ መንገዱ።

አገራችን የወንዝና የገደል አገር ነው። ሐይቅ ያማረው ሰው ወደ ስምጥ ሸለቆ መውረድ አለበት። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ ቃሊቲ መናኸሪያ ሄዶ ሌላ መኪና መያዝ ነው። ዝዋይ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፣ ላንጋኖ 200 ያህል፣ ሐዋሳ 275። ዘንጉ ይህን ሁሉ መንገድ በሰው እግር መሀል፣ በጆንያና በሻንጣ ተጨናንቆ ነው የሚሄደው። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለቱን ዘንጎች በመንገዱ ልመዝናቸው።

የሚመዘዘው ሲታጠፍ ከ50 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ነው። የትምህርት ቤት ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ሚኒባስ ውስጥ ጭናችሁ ላይ ታስቀምጡታላችሁ፤ ረዳቱም አይጠይቃችሁም። ባለሁለት ቁራጩ 2.40 ሜትር ከሆነ ተፈቶ 1.20 ይሆናል። ቦርሳ ውስጥ አይገባም። ጣሪያ ላይ ከተጫነ ደግሞ አለቀለት። እኔ ከቧንቧ ሠራተኛ የተረፈ የፕላስቲክ ቱቦ ገዝቼ፣ ሁለቱን ጫፍ በክዳን ዘግቼ፣ ውስጡን ጨርቅ ጎዝጉዤ ነው የምይዘው። ቱቦው ርካሽ ነው፤ ዘንጉን ግን እስከ ዛሬ አድኖልኛል። ባለሁለት ቁራጭ ለመግዛት የወሰነ ሰው የቱቦውንም ዋጋ አብሮ ያስብ።

ዋጋን በተመለከተ የሚመዘዘው በአብዛኛው ይረክሳል። ብዙ ጊዜ ማጠንጠኛውም፣ ክሩም፣ መንጠቆውም አንድ ላይ ታሽጎ ይሸጣል። ለጀማሪ የሚያጓጓው ይህ ነው። እኔም የጀመርኩት በዚሁ ነው።

ታዲያ የት ላይ ነው ችግሩ? መጋጠሚያዎቹ ላይ። የሚመዘዝ ዘንግ አምስት ስድስት ክፍል አለው። እያንዳንዱ ክፍል ሌላው ውስጥ ገብቶ በመጥበቅ ብቻ ነው የሚቆመው። ላንጋኖ ዳር አሸዋ አለ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ንፋስ ይነሣል። አንድ ቀን ማታ ዘንጌን ሳላጥበው አሸዋው ላይ አጋድሜው አደርኩ። ጠዋት ልሰበስበው ስሞክር ሦስተኛው ክፍል አልገባ አለ። ባዞረው የለም። በጨርቅ ይዤ ብስበው የለም። ስታገል ጭርር የሚል ድምፅ ሰማሁ። ውስጥ የገባው አሸዋ ፋይበሩን እየፋቀው ነበር። በመጨረሻ ገባ፤ ግን ከዚያ ወዲያ ያ ቦታ ጠብቆ አልቆመም። በሚቀጥለው ጉዞ አንድ ደህና አምባዛ ያዝኩ። ገና ወደ ዳር ሳልጎትተው ዘንጉ እዚያው ቦታ ላይ ቀጭ ብሎ ለሁለት ሆነ። ዓሣው መንጠቆዬን ይዞ ሄደ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ መንጠቆ አፉ ውስጥ ይዞ መሄዱ ነው።

ባለሁለት ቁራጩ አንድ መጋጠሚያ ብቻ ነው ያለው። ክሩ የሚያልፍባቸው ቀለበቶችም ብዙ ናቸው። ስለዚህ ዓሣ ሲጎትት ዘንጉ ከጫፍ እስከ እጀታ እኩል ይጎብጣል። ክብደቱ አንድ ቦታ ላይ አያርፍም። እጃችሁ ላይም የዓሣው እያንዳንዱ እርግጫ ይሰማችኋል።

እስከ አሁን ባለሁለት ቁራጩ ያሸነፈ ይመስላል። ወሮቹን ስናይ ግን ነገሩ ይቀያየራል።

ከኅዳር እስከ ጥር

የክረምቱ ጎርፍ አልፎ ውሃው የሚረጋበት ጊዜ ነው። በዚህ ወቅት ሐይቅ ድረስ ሳይሄዱ ጀማ ወንዝ መውረድ ይቻላል። ከለሚ ወደ ዓለም ከተማ በሚወስደው መንገድ ገደሉን ወርዳችሁ ድልድዩ ጋ ትደርሳላችሁ። ላይ ቤት ውርጭ ነው፤ ታች ግን ጃኬት ያስወልቃል። ውሃው ሲጠራ ቢልጫ የሚባለው ዓሣ ከድንጋይ ኋላ፣ ወራጁ ውሃ በሚሰብርበት ቦታ ይቆማል። ሩቅ መወርወር አያስፈልግም፤ ከአሥር ሜትር በላይ እምብዛም አልወረወርኩም። ከመንገዱ ወደ ውሃው ስትወርዱ ግን ሁለቱም እጃችሁ ነጻ መሆን አለበት፤ በድንጋይ እየያዛችሁ ነው የምትወርዱት። እዚህ የሚመዘዘው ይበልጣል። ቦርሳችሁ ውስጥ ከትታችሁት ትወርዳላችሁ። ጀማን ብቻ ለሚያስብ ሰው ጥሩ የሚመዘዝ ዘንግ ይበቃዋል፤ ብሩን ለሌላ ነገር ያውለው።

ዝዋይም በዚህ ወቅት ለሚመዘዘው ያደላል። ሐይቁ ጥልቀት የለውም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳ አሥር ሜትር አይሞላም። ዳር ዳሩን ሣርና ቄጠማ ይዞታል። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ የሚውለው እዚያው ሣሩ ጠርዝ ላይ ነው። ከሣሩ በላይ አሻግሮ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ቡሽና መንጠቆ ማንጠልጠል እንጂ መወርወር አያሻም። ለዚህ ደግሞ ረጅም ዘንግ ነው የሚፈለገው፤ 3.60 ሜትር ቢሆን ደስ ይላል። ይህን ያህል ርዝመት በባለሁለት ቁራጭ ይዞ ሚኒባስ መሳፈር የማይታሰብ ነው። ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ጎሕ ሲቀድ አትጣደፉ። ፀሐይ ውሃውን ትንሽ ስታሞቀው፣ ሦስት ሰዓት አካባቢ፣ ቡሹ መነቅነቅ ይጀምራል።

ከየካቲት እስከ ግንቦት

መንዝ በልጉን ሲዘራ እኔ ላንጋኖ ነኝ። ለእኔ የዓመቱ ምርጥ ጊዜ ይህ ነው። አየሩ ይሞቃል፣ ዓሣውም ይነቃል። ላንጋኖ ቀይ ቡናማ ነው። ውሃው ውስጥ ሁልጊዜ የሚንሳፈፍ ደቃቅ አፈር ስላለ ነው እንጂ ቆሻሻ ሆኖ አይደለም። ጠዋት ጸጥ ይላል። ከምሳ በኋላ ግን ንፋሱ ይመጣና ማዕበል ይነሣል። በዚያ ንፋስ ላይ 30 ግራም የእርሳስ ብረት ክሩ ላይ አስራችሁ መወርወር ካለባችሁ የሚመዘዘው ይንቀጠቀጣል፤ እርሳሱ ወዳሰባችሁት አይሄድም። ባለሁለት ቁራጩ ግን ይገፋዋል። ከ10 እስከ 30 ወይም ከ15 እስከ 40 ግራም ይወረውራል ተብሎ የተጻፈበትን ምረጡ። ጽሑፉ ከእጀታው በላይ ዘንጉ ላይ ነው ያለው። ምንም ያልተጻፈበት ዘንግ አትግዙ።

እነዚህ ወራት የዐቢይ ጾም ወራትም ናቸው። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች ልተወውና፣ የዓሣ ገበያው ግን ይጦፋል። የአካባቢው አስጋሪዎች ቀንም ሌትም መረብ ይዘረጋሉ። መረብ ባለበት አትወርውሩ። የናንተ መንጠቆ አንድ መረብ ከቀደደ የአንድ ቤተሰብ የቀን ገቢ ነው የሄደው። መጀመሪያ ሰላም በሉ፣ መረቡ የት እንዳለ ጠይቁ። ቦታም ያሳዩዋችኋል።

ክረምት

ከሐምሌ እስከ መስከረም ጀማን እርሱት። ደራሽ ውሃ ሳይታሰብ ይመጣል፤ እናንተ ጋ ፀሐይ እያለ መንዝ ላይ የዘነበው ዝናብ ሊወስዳችሁ ይችላል። ሐይቆቹ ግን ሕይወት አላቸው። ውሃው ሞልቶ ሣሩን ሲያጥለቀልቅ አምባዛ ወደ ዳር ይወጣል። አምባዛ ማታና ሌሊት ነው የሚበላው። አይኑ ደካማ ነው፤ ምግቡን በጢሙና በማሽተት ይፈልጋል። የዶሮ አንጀት ወይም ትንሽ ዓሣ ቆርጣችሁ መንጠቆው ላይ አድርጉለት። ሲይዝ አይቸኩልም፤ ከያዘ በኋላ ግን ወደ ሣሩ ሥር ይጎትታል። እዚያ ከገባባችሁ አበቃ። ለዚህ ሥራ የሚመዘዝ ዘንግ በፍጹም አልመክርም። ወፍራም ጀርባ ያለው ባለሁለት ቁራጭ ብቻ። ጉማሬም ስለሚወጣ፣ ዝዋይና ሐዋሳ ላይ በምሽት ያለ አካባቢው ሰው ዳር አትቁሙ። እግራችሁንም ውሃ ውስጥ አትንከሩ፤ ቢልሃርዝያ አለ።

ጫሞ ሄዶ ናይል ፐርች ለመያዝ የሚያልም ሰው ካለ ይህ ጽሑፍ ስለ እሱ አይደለም። ያ ዓሣ ከ100 ኪሎ በላይ ሊደርስ የሚችል ነው፤ አዞ ያለበት ሐይቅ ላይ በጀልባ ነው የሚያዘው። መሣሪያውም ሌላ ነው። የመጀመሪያ ዘንጋችሁን በዚያ ሕልም አትግዙ።

ክሩ

ብዙ ሰው ዘንግ ላይ ብሩን ጨርሶ ክር ላይ ይቆጥባል። ስህተት ነው። ዓሣውን ከእናንተ ጋር የሚያገናኘው ክሩ ብቻ ነው።

ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ፤ ናይለንና የተሸረበ ክር። ናይለን ይለጠጣል። ይህ መለጠጡ ለጀማሪ በረከት ነው፤ ዓሣው ድንገት ሲፈናጠር ድንጋጤውን ይውጥላችኋል። ውሃ ውስጥም ብዙ አይታይም። ጉዳቱ ፀሐይ ነው። ፀሐይ ላይ የዋለ ናይለን ይደርቃል፣ ይሰባበራል። ሱቅ መስታወት ላይ ወራት የተሰቀለውን አትውሰዱ፤ ከካርቶን ውስጥ አውጡልኝ በሉ። የተሸረበው በዚያው ውፍረት እጥፍና ከዚያ በላይ ይሸከማል። ስለማይለጠጥ ትንሿ ንክሻ እጃችሁ ላይ ትሰማለች። ግን ይወደዳል፣ ውሃ ውስጥ ይታያል፣ ድንጋይ ላይ ሲፋተግ ቶሎ ይበጠሳል።

ላንጋኖ ላይ መታየቱ ምንም አይደለም። ውሃው ድፍርስ ስለሆነ ዓሣው ክሩን አያይም፤ የተሸረበው ያለ ሐሳብ ይሠራል። ጀማ ላይ ግን ድንጋዩ ይበላዋል፤ ናይለን ይሁን። ሐዋሳ ላይ የተሸረበ ከያዛችሁ ጫፉ ላይ ሁለት ክንድ ናይለን ቀጥሉበት። አንድ ብቻ ግዛ ብትሉኝ 0.30 ሚሊ ሜትር ናይለን እላለሁ። ለቆሮሶ ትንሽ ወፈር ይላል፣ ለትልቅ አምባዛ ትንሽ ይሳሳል፤ ግን ፍሬኑን ለሚያውቅበት ሰው ሁለቱንም ያወጣል።

ፍሬን ያልኩት ማጠንጠኛው ላይ ያለውን ማጥበቂያ ነው። ዓሣው ሲበረታ ክሩን በቀስታ የሚለቅለት እሱ ነው። በቁጥር 3000 የሚባለው መጠን ለሁሉም ይስማማል። ሱቅ ውስጥ ፍሬኑን ግማሽ አጥብቃችሁ ክሩን በእጅ ሳቡት። እኩል እየተንሸራተተ ከመጣ ጥሩ ነው። ቆም እያለ፣ እየዘለለ ከመጣ መልሱት፤ እዚያ የቆመበት ቦታ ላይ ነው ክራችሁ የሚበጠሰው።

መንጠቆ ላይ ቁጥሩ ያደናግራል። ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል። ለቆሮሶ 8 ወይም 6፣ በትልና በሊጥ። ለቢልጫ 4 ወይም 2። ከ1 በኋላ ግን በዜሮ የሚጻፈው ይመጣና ይገለበጣል፤ 3/0 ከ1/0 ይተልቃል። ለአምባዛ 3/0 ያዙ። ሴቷ ቆሮሶ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምታሳድገው። አፏን ስትከፍቱ ቢጫ እንቁላል ካያችሁ እዚያው ውሃ ውስጥ እንዳለች መንጠቆውን አውጥታችሁ ልቀቋት። ለዚህ ሲባል የመንጠቆውን እሾህ በፒንሳ ጨፍልቁት። ቶሎ ይወጣል፣ አይቀድም።

ዓሣ ማስገር በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 315/1995 የሚመራ ሥራ ነው። ለመዝናናትም ቢሆን ከመወርወራችሁ በፊት እዚያው ወረዳ ስለ ፈቃድ ጠይቁ።

ለእህቴ ልጅ እንዲህ አልኩት። «አንተ ሥራ የምትፈታው በፋሲካ ነው። ጀማ ሳይሆን ላንጋኖ ነው የምትሄደው። ባለሁለት ቁራጩን፣ 2.40 ሜትሩን ውሰድ። ከመክፈልህ በፊት ግጠመውና በአንድ ዓይንህ በቀለበቶቹ መሀል እይ፤ አንድ መስመር ላይ ካልሆኑ ሌላ አምጡልኝ በል። የቀለበቶቹን ውስጥ በጥጥ ጥረግ። ጥጡ ከያዘ ስንጥቅ አለው፣ ክርህን ይበላዋል።»

ስልኩን ሳይዘጋ ጥጥ ሲጠይቅ ሰማሁት። ከጫፍ ሁለተኛው ቀለበት ላይ ያዘ። ሌላ አመጡለት።