ፒክስ ከረጢት፦ አራት ኩንታል በቆሎ ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ

በምዕራብ ጎጃም በቆሎ ለሚያመርት ቤተሰብ ታኅሣሥ ላይ ጎተራ መሙላት ያን ያህል አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው የተሞላውን እስከ ክረምት ማድረስ ነው። ነቀዝ ገና ከማሳው ተከትሎ ስለሚገባና እንስቷ ፍሬውን ቦርቡራ እንቁላሏን ከጣለች በኋላ ቀዳዳውን መልሳ ስለምትደፍነው፣ ሲከተት ንጹሕ የነበረ እህል ከጥቂት ወራት በኋላ በእጅ ሲያሹት ዱቄት ይሆናል። እኛ ቤት ለዓመታት የነቀዝ ክኒን ስንጠቀም ቆይተናል። ይሁን እንጂ ከክኒኑ የሚወጣው ጋዝ ሰውንም የሚገድል ስለሆነ፣ ከመኝታችን አጠገብ ባለ ጎታ ውስጥ መጨመሩ እንቅልፍ ቢነሳኝ ባለፈው ዓመት አራት ባለ ኩንታል ፒክስ ከረጢቶች ገዛሁ።

ከረጢቱ በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ለካሜሩን ገበሬዎች የጥራጥሬ ማከማቻ ሲፈልጉ የጀመሩት ሥራ ውጤት ነው። ከውጭ ሲያዩት ተራ ማዳበሪያ ነው፤ ከውስጥ ግን ሁለት ወፍራም ላስቲኮች አሉት፤ ምንም መድኃኒት የለበትም። አፉ በደንብ ከታሰረ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ነቀዙ ራሱ ተንፍሶ ይጨርሰውና መብላትም መራባትም አቁሞ ይሞታል።

አስተሳሰሩ ትዕግሥት ይጠይቃል። የላስቲኩን አፍ ለመጠምዘዝ የሚበቃ ቦታ አስቀርቶ መሙላት፣ አየሩን በእጅ እየተጫኑ ማስወጣት፣ ጠምዝዞና አጥፎ ማሰር፣ ሁለተኛውንም ላስቲክ እንደዚያው ማድረግ ያስፈልጋል። እርጥበቱ ከ13 በመቶ የበለጠ በቆሎ ግን ታፍኖ ይሻግታል። መለኪያ ስለሌለኝ እፍኝ በቆሎ ከደረቅ ጨው ጋር ጠርሙስ ውስጥ ጨምሬ ናጥኩት፤ ጨው ከጠርሙሱ ጎን ላይ ስለተጣበቀ እህሉን አራት ቀን ደግሜ አሰጣሁት።

ሰኔ ላይ ሦስቱን ስፈታ ወንፊቱ ላይ የቀሩት ሞተው የደረቁ ጥቂት ነቀዞች ብቻ ነበሩ፤ የተበሳ ፍሬ አልፎ አልፎ ቢታይም ዱቄት አልነበረም። አራተኛውን ከግድግዳ አስደግፌው ስለነበር አይጥ ከሥሩ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ በስታበታለች። እጄን ስሰድበት እህሉ ይሞቃል፣ ነቀዙም በሕይወት አለ። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የከረጢቱ አይደለም፤ ሆኖም ሻጩ ይህን ቢነግረኝ ኖሮ አንድ ኩንታል በተረፈልኝ ነበር።

ዋጋው ከተራው ማዳበሪያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ላስቲኩ ካልተቀደደ ለሁለትና ሦስት ምርት ዘመን ስለሚያገለግል ለበቆሎ፣ ለማሽላና ለባቄላ ወጪውን ይመልሳል እላለሁ። ለጤፍ መግዛት ግን ገንዘብ ማባከን ነው፤ ጤፍን ነቀዝ መች ይደፍረውና! በየሳምንቱ እየፈታ ለምግብ የሚቀንስ ሰውም ባለ 50 ኪሎውን ቢመርጥ ይሻለዋል፤ በተፈታ ቁጥር አየር ይገባልና።

ዘንድሮ የሦስቱን ላስቲኮች ወደ ፀሐይ አንሥቼ ቀዳዳ እንደሌለባቸው ካየሁ በኋላ መልሼ ሞልቻቸዋለሁ፤ ያስቀመጥኳቸውም በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ አርቄ ነው።